ከሁሉ ኋላ፣ በፌስ ቅያሶች

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት፣ ኮሎምበስ ዳር፣ ጋሃና በምትባል ከተማ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ነው። እንዳይረፍድብኝ ፈርቼ አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩና መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጋሼ ዳንኤል ቢሮውን ሊከፍቱ ሲመጡ መስታወቱን አንኳኩና «ብርነሽ፣ እዚህ ነው እንዴ ያደርሽው?» አሉኝ።

ጋሼ ዳንኤል ከኮሎምበስና ከአካባቢው ጡረተኞችን እየሰበሰቡ ሞሮኮን የሚያስጎበኙ ሰው ናቸው። እኔ ከዚያ በፊት አራት ዓመት ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ገፍቻለሁ። ያገኙኝም እዚያው ነው። መንገደኛ አድርሼ ስመለስ መነጽር ወይም ፓስፖርት ተረስቶ እንደሆነ ወንበሩን በእጄ ስዳብስ ብዙ ጊዜ አይተውኛል።

«እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እስከ ስድስተኛ፣ ጋሼ። እንግሊዝኛዬም የሥራ ብቻ ነው።»

«ታሪክ የሚያወራ ሰው አለኝ። የጎደለኝ የሚጠራጠር ሰው ነው።»

እንዲያ ከሆነ ከእኔ የተሻለ አያገኙም አልኩ በልቤ። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የማይ እናት ነኝ።

ሥራው ይህ ነው። በአሮጌ ከተማ የእግር ጉብኝት ላይ ሁለት ሰው ይሠራል። ፊት የሚሄደው አስጎብኚው ነው፤ ፈቃድ ያለው የአገሩ ሰው። ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይዞ ይመራል፣ ያስረዳል። ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ደግሞ የኋላ ሰው ይባላል። የኋላ ሰው አያስረዳም። በየበሩ፣ በየደረጃው፣ ከየሱቁ ሲወጣ መንገደኛውን ይቆጥራል፤ ከሞላ ቀኝ እጁን ያነሳል። እጁ ካልተነሳ አስጎብኚው አንድ እርምጃ አይራመድም። በወገቤ በምታጠቀው ቦርሳ ውስጥ ፋሻ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ብስኩት፣ ፊሽካና የሆቴሉ አድራሻ በአረብኛ የተጻፈበት ካርድ አይጠፋም።

ማታ ለልጄ ለሊዲያ ሥራዬን ሳስረዳት ሳቀች። «ማም፣ ሶ ዩር ጆብ ኢዝ ቱ ቢ ላስት?»

«አዎ፣ ላስት ነኝ፤ ከሁሉ ኋላ። ሳህንሽን እጠቢ።»

መቁጠሩ ላይ ግን ችግር ነበረብኝ። እናቴ ልጆቿን ቆጥራ አታውቅም። ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካለ ስማችንን አንድ በአንድ ትጠራለታለች፤ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። ሰው ከተቆጠረ ይጎድላል ትል ነበር። እኔም ሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሳለን አንድ ሠራተኛ ልጆቼን በእስክሪብቶ ጫፍ እየጠቆመ ቆጠራቸው፤ በሳምንቱ ትልቁ ልጄ በወባ ወደቀ። ተርፎ ዛሬ ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው። ወባ ከትንኝ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው ላይ ጣቴን ቀስሬ አንድ፣ ሁለት ማለት አቃተኝ።

ጋሼ ዳንኤል ለልምምድ የሚያውቋቸውን ሽማግሌዎች ለምነው እዚያው ኮሎምበስ ውስጥ ከዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር እስከ ሾርት ኖርዝ በእግር አስኬዱን። በየመብራቱ ቆመው «ቁጠሪ!» ይሉኛል። እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሼ እጄን አነሳለሁ። የማየው ጫማቸውን ነበር። ከኋላ ለሚሄድ ሰው ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ጫማ ነው፤ ቡኒ የቆዳ፣ ሰማያዊ ስኒከር፣ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ያለቀ። ጫማው ሁሉ ካለ ሰዉ ሁሉ አለ።

«ጎበዝ» አሉኝ ሲጨርሱ። የቆጠርኩ መስሏቸው ነው። አላረምኳቸውም።

እንደዚህ ስድስት ዓመት ሠራሁ።

የሞሮኮዋን ከተማ ፌስን ላላየ ሰው እንዲህ ልንገር። በአሮጌው ከተማ ውስጥ መኪና የለም። ቅያሱ አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ግድግዳው ከፍ ከማለቱ የተነሳ የስልክ ካርታ ይጠፋበታል። ቆዳ የተጫነ በቅሎ ሲመጣ ነጂው «ባላክ!» ብሎ ይጮሃል፤ ዞር በሉ ማለቱ ነው። ሰዉ ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በቅሎው ሲያልፍ ግማሹ ፊት ሄዷል፣ ግማሹ የሰው በር ውስጥ ገብቷል። የኋላ ሰው የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን አንድ ጡረተኛ አስተማሪ በቅሎውን ተከትለው ወደ ሌላ ቅያስ ታጠፉ። ቡኒ ጫማ ጎደለብኝ፤ ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸውን ይዤ መለስኳቸው። አስጎብኚው ሐሚድ «አንቺ በጀርባሽም ዓይን አለሽ» አለኝ። ከሐሚድ ጋር የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። በእኔ ላይ ያለው እምነት ከዚያ በኋላ ሙሉ ሆነ።

አንድ ጊዜ ከመንገደኞቹ መካከል የእኛ ሰው ነበሩ፤ ሰባ ያለፋቸው እትዬ አስካለ። ስኳር አለባቸው፣ መርፌ ይወጋሉ። ልጃቸው ኤርፖርት ድረስ ሸኝታቸው፣ «እትዬ ብርነሽ፣ እማዬን አደራ። መርፌያቸውን ከተወጉ ምግብ መዘግየት የለበትም» አለችኝ። እትዬ አስካለ ነጭ ስኒከር ከሐምራዊ ማሰሪያ ጋር አድርገው ነበር። በሩቁ የሚታይ ጫማ ነው፤ ደስ አለኝ።

ፌስ በገባን በሁለተኛው ቀን ከምሳ በፊት የቆዳ ነጠላ ጫማ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ሱቁ ሦስት ክፍል ነው፤ አንዱ ከአንዱ ውስጥ ያስገባል። ሰዉ ይለካል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዱም የገዛውን አድርጎ ይወጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ ስንወጣ ጫማ ማየት ጀመርኩ። ኬረል የምትባል መንገደኛችን የምታደርገውን ጥቁር ሰንደል አጣሁት። ደንግጬ ቀና ስል ቀይ ኮፍያዋን ፊት አየሁት፤ አለች። እሷም ጫማ ቀይራለች ብዬ ተረጋጋሁ። ነጩ ስኒከር ከሐምራዊ ማሰሪያው ጋር ማዕዘኑን ሲታጠፍ አየሁ። እትዬ አስካለም አሉ። እጄን አነሳሁ። ቀጥሎ ካለው የውሃ ምንጭ ዘንድም አነሳሁ።

ቆዳ የሚለፋበትን ቦታ ቁልቁል ወደሚያሳየው ሰገነት ስንወጣ፣ ሽታውን እንድንችለው በር ላይ ያለው ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ዘለላ ናና ይሰጣል። ሐሚድ አሥራ አራት መንገደኛ ብሎታል። ሰውዬው አድሎ ሲጨርስ አንድ ዘለላ በእጁ ቀረ።

ሐሚድ ዞሮ አየኝ። እኔ አደራዬ ትዝ ብሎኝ ወደ ነጩ ስኒከር ሮጥኩ። ቀና ስል ኬረል ናት። ሰንደሏ ተረከዟን ልጦት ስታነክስ አይተው እትዬ አስካለ ጫማቸውን አውልቀው ሰጥተዋታል። «ሺ ኢንሲስትድ»፣ እምቢ ብላቸው ግድ አሉኝ አለች ምስኪን፣ እንባዋ እየመጣ። እሳቸው ለራሳቸው አዲስ ነጠላ ጫማ ሊመርጡ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው ነበር።

ሐሚድ፣ «መጨረሻ የቆጠርሽው የት ነው?» አለኝ።

«ምንጩ ጋ» አልኩት። እጄን ያነሳሁት እዚያ ነዋ። ከአፌ አመለጠኝ።

«እንግዲያው የጠፉት ከምንጩ ወዲህ ነው» አለና ወደዚያ ሊሮጥ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ከምንጩ ወዲህ አራት ቅያስ አለ፤ አራቱንም ቢያስስ እትዬ አስካለ አንዱም ውስጥ የሉም። ጠዋት መርፌያቸውን ከተወጉ በኋላ ያለፈውን ሰዓት፣ የዘገየውንም ምሳ አሰብኩ።

«ሐሚድ፣ ቁም! አልቆጠርኩም። ምንጩም ጋ፣ ሱቁም ጋ። ጫማ ነው ያየሁት።»

«ለምን?»

«ሰው አይቆጠርም።»

«እናቴም እኛን አትቆጥርም» አለኝ። «ግን እናቴ እጇን አታነሳልኝም።» ከዚያ ሌሎቹን ናና ለሚያድለው ሰው አደራ ብለን ወደ ጫማው ሱቅ ሮጥን።

እትዬ አስካለ ውስጠኛው ክፍል ወለል ላይ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አልቧቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባለሱቁ ብዙ ስኳር ያለበት ሻይ በእጁ እያጠጣቸው ነበር። የእሱም አባት ስኳር አለበት ለካ።

«እትዬ አስካለ!» ብዬ ወደቅሁባቸው።

«ምን ያስጮህሻል? የጠፋሁት እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?» አሉኝ በደከመ ድምፅ። «ጠዋት፣ ሰው ከጠፋባችሁ ካላችሁበት አትነቃነቁ አላልሽም? ይኸው አልተነቃነቅሁም።»

ብስኩቴን አውጥቼ በትንሽ በትንሹ አበላኋቸው። «ጫማዬንስ ለማን ትተሽው መጣሽ?» ሲሉኝ ነው መዳናቸውን ያወቅሁት።

ሐሚድ ለጋሼ ዳንኤል አልደወለም። «ሪፖርቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ኮሎምበስ ስመለስ እኔ እየነገርኳት ሊዲያ ጻፈችው፤ አለመቁጠሬ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ማም፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ራይት ዛት ፓርት። ዘይ ዊል ፋየር ዩ።»

«ቢያባርሩኝም ጻፊው።»

ጋሼ ዳንኤል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ።»

«እኔ ቤቴ እንቅልፍ የሚወስደኝ እኮ በአንቺ እጅ ተማምኜ ነው» አሉኝ። ጮኸው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የእትዬ አስካለ ልጅም ለሁለት ወር አላነጋገረችኝም። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን አላናግርም።

ሁለት ጉዞ ቢሮ ቀረሁ፤ ካርድ ሳዘጋጅ ከረምኩ። ከዚያ ጋሼ ጠርተው እንደ አዲስ ገቢ ሾርት ኖርዝ አስኬዱኝ። «ጮክ ብለሽ» አሉኝ። ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ያን ሳምንት ሊዲያ ባነጠሰች ቁጥር ግንባሯን እየዳሰስኩ አስቸገርኳት። ምንም አልሆነችም። አሁንም እየፈራሁ እቆጥራለሁ።

ዛሬ አዲስ የሚገቡትን የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ የምነግራቸውም እንዲህ ብዬ ነው፦ መቁጠር የሚከብደው ካለ ይንገረኝ፤ ሌላ ዘዴ አብረን እንፈልጋለን። ሳታረጋግጡ ግን እጃችሁን አታንሱ። ሰው ሲጠፋ ፍለጋው የሚጀመረው እናንተ እጃችሁን ካነሳችሁበት ቦታ ነው።