በጾም አናቴ ላይ ያረፈው ቅቤ

«ፊት ለፊት ልንገርሽ፣ አንቺ ልጅ ምግብ አትችይም።»

ይህን ያሉኝ የፍቅረኛዬ እናት ናቸው፣ ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሄድኩበት ቀን። አፌ እየነደደ እንባዬ በአገጬ ይንጠባጠብ ነበር። ፍቅረኛዬ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እናቱ ከወደዱኝ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይልካል፣ ፊታቸው ከጠቆረ ግን እሱም አይንቀሳቀስም። ሠላሳ ሊሞላው የተቃረበ ሰውዬ የእናቱን ግንባር እያየ ነው የሚኖረው። ይህንንም ነግሬዋለሁ።

ጥፋቱ የዳጣው ነው። እኛ ቤት፣ ሀና ማርያም፣ እናቴ ጨጓራ ስላለባት ድስቱ ሁሉ አልጫ ነው፤ ቃሪያ እንኳ ፍሬው ወጥቶ፣ ታጥቦ ነው የሚቀርበው። የእሱ እናት ግን ከደቡብ የመጡ ጴንጤ ናቸው፣ ሁዳዴን አይጾሙም። ግን ለእኔ ብለው ሽሮና ጎመን በዘይት፣ ለብቻው ድስት ሠርተው ጠበቁኝ። ከጎኑ በትንሽ ሳህን አረንጓዴ ነገር ነበረ። ሰላጣ ነገር መሰለኝ፣ በእንጀራ ሞልቼ ጎረስኩት። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የተወቀጠበት ዳጣ መሆኑን ያወቅኩት ጆሮዬ ሲጮህ ነው። ሮጠው እርጎ አመጡልኝ። ጾም ነው፣ አልጠጣም አልኩ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ምግብ አትችይም ያሉኝ።

አለቀልኝ ብዬ ሻርፔን ፈትቼ ፊቴን ጠረግኩበት። ፀጉሬን አዩት። በፒያስትራ ከመተኮሱ ብዛት ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ሆኗል። ምን አድርገሽው ነው አሉኝ፤ ጠብሼው ነው አልኩ። ብድግ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። በቃ ተቀየሙኝ ብዬ ቦርሳዬን ሳብኩ። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ብርቱካን የሚያክል ለጋ ቅቤ ነበረ፤ ሳይጠይቁኝ አናቴ መሃል ላይ አስቀመጡት። በሁለት እጃቸው ጫን ጫን እያደረጉ በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር አሉ። ጸሎት ይሁን ወቀሳ አላወቅኩም።

ምን ማለት ነው? ለተቃጠለው አፌ ነው ወይስ ለተቃጠለው ፀጉሬ? ከጎኔ የተቀመጠውን ፍቅረኛዬን አየሁት፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ እንደነገረኝ፣ በእነሱ አገር አናት ላይ ቅቤ የሚደረግላት ልጄ ነሽ የተባለች ሙሽራ ናት። ሳያድር አይታጠብም፤ መታጠብ እምቢ ማለት ነው። ስለዚህ ተወድጃለሁ። አሁን ምግብ አትችይም ብለው የሰደቡኝ ሴትዮ ወደዱኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን እናቴ በጾም ቅቤ መብላት ቀርቶ አትቀባም፤ ፀጉርም ቢሆን መግደፍ ነው ትላለች። ጴንጤ ቤት መሄዴን ራሱ በግማሽ አፍ ነው የፈቀደችው። ቅቤ ደግሞ ገና ከበር ይሸታል። እዚህ ብታጠብ እሳቸውን፣ ሳልታጠብ ብገባ እናቴን አስቀይማለሁ። እርጎ አልጠጣም ያልኩት እኔ፣ የላም ቅቤ በአንገቴ እየወረደ ተቀምጫለሁ።

ፊቴን ሲያዩት ገባቸው መሰለኝ።

«እናትሽ ትቆጣለች?»

«በጣም።»

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም?»

«አልጠየቁኝማ።»

እሱ ሳል ያዘው። እሳቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሳቁ ይሁን ተቆጡ አሁንም አላውቅም። ከዚያ ሳፋና ሙቅ ውሃ አመጡ፣ ፌስታልም ጨምረው ይዘዋል። ከፈለግሽ ታጠቢ፣ ከፈለግሽ ሸፍኚው፣ እኔ አልቀየምሽም አሉ። እሱ ወደ መሬት ያይ ነበር።

ፌስታሉን ተቀብዬ ቅቤው ላይ አጠለቅኩት፤ ሻርፔን ከላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። የተረፈውን ዳጣ በብልቃጥ አድርገው ለእናትሽ ውሰጂላት አሉኝ። ጨጓራ አለባት አልኳቸው።

«እሷ ባትበላው አንቺ ትለምጂዋለሽ» ብለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት።

እስከ ታክሲ ልሸኝሽ ብሎ ሲነሳ፣ ተቀመጥና ስለ ሽማግሌው ከእናትህ ጋር ተነጋገር አልኩት። በር ላይ ጫማዬን አደረግኩና የሀና ማርያም ታክሲ ወደሚቆምበት ወጣሁ።