የዋንዛው ፈቃድ

ክረምቱ ወጥቶ የመስከረም ፀሐይ ብቅ ሲል፣ ከቃሊቲ መንገድ የሚነሳው የናፍጣ ጭስ አየሩን ሞልቶት እንኳ፣ አቃቂ በሰቃ ወዳለው ግቢዬ ስቃረብ አንድ ሽታ ቀድሞ ይቀበለኛል፤ የዋንዛ አበባ ሽታ። ማር ማር የሚል፣ ትንሽ እርጥብ ቅጠል የተቀላቀለበት ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት መንገድ ላይ እኔ አንጋጥጬ እያሸተትኩ ስሄድ የሚያየኝ የሰፈር ጎረምሳ «ፋዘር፣ ሰማይ ላይ ምን ጠፋብዎት?» ይለኛል። በዚያች ሰዓት እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ዛፍ ላይ መውጣት እንጂ መውረድ የማይሆንለት፣ ጉልበቱ ሁልጊዜ የተላጠ ልጅ ነኝ።

ዋንዛው የቆመው እንደ ዛሬው ሁሉ ያኔም ከቤታችን ጀርባ ነበር። ማን እንደተከለው በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ አባዬ «አያቴ ናቸው» ሲል፣ አጥር የምንጋራቸው አዛውንቱ ገበሬ ኦቦ ድሪባ «አያትህ ሲመጡማ ዛፉ ቆሞ ጠበቃቸው» ይሉት ነበር። ለእኔ ግን ዛፉ ምሽጌም ጓዳዬም ነበር። በበጋ ቢጫ ፍሬው ሲበስል ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሜ የሚዝለገለገውን እየመጠጥኩ፣ ዘሩን ቁልቁል እየተፋሁ እውል ነበር፤ እማዬ ለምሳ ስትጠራኝም ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እቀርብ ስለነበር «ይህን ልጅ ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው አይወድቅም» ትል ነበር።

ችግሩ አንድ ቅርንጫፍ ነበር። የሰው ወገብ የሚያህል ሆኖ ከቆርቆሮው በላይ ተንጠልጥሎ፣ ልክ እማዬና ጨቅላዋ እህቴ አስቴር ከሚተኙበት ክፍል አናት ላይ ያረፈ ነበር። የበጋው ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮውን ይፍቀው ነበር። አባዬ ክር ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ እየሠራ ቀን ቀን ይተኛ ስለነበር፣ አንድ የጥር ረፋድ ላይ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያደርግ፣ ምሳሩን ይዞ ወጣ። ኦቦ ድሪባ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፦

«ወልዴ፣ ባሕር ዛፍ መሰለህ እንዴ? ዋንዛ እኮ ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ሲፈልግ ቆርጦ ይማግራል፣ ሲፈልግ ይሸጣል፤ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ግን በገዛ ግቢህ ቢበቅሉም ያለ ቀበሌ ፈቃድ መንካት አይቻልም ነበር። የቆረጠ ይከሰሳል፣ ግንዱም ይወረሳል። አባዬ ምሳሩን አስቀምጦ «በገዛ ግቢዬ፣ የገዛ ዛፌን!» እያለ ቀበሌ ሄደና፣ በንዴት ቅርንጫፉን ሳይሆን ዛፉን ከነግንዱ ለመቁረጥ አመልክቶ ተመለሰ።

«ለእኛ ቅርንጫፉ ብቻ አይበቃንም?» አለችው እማዬ።

«ለቅርንጫፍ ብዬ ደጅ አልጠናም። ካመለከትኩ አይቀር ሙሉውን።»

እኔ ይህን የሰማሁት ዛፉ ላይ ሆኜ ነበር፤ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የምሰማው ከዚያ ነበርና። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር እጸልይ ነበር፤ ዛፉም እንዳይቆረጥ፣ ቅርንጫፉም አስቴር ላይ እንዳይወድቅ። የትኛው እንዲቀድም ግን ለእግዚአብሔር አልነገርኩትም፤ ለእሱ ትቼዋለሁ ብዬ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር።

በልግ ሲገባ የቀበሌው ኮሚቴ ዛፉን ሊያይ መጣ። ኮሚቴ ማለት ሊቀመንበሩ ጓድ ተፈራና በሽማግሌነት የተመረጡት እኚያው ኦቦ ድሪባ ነበሩ። አባዬም «እንግዶች ናቸው» ብሎ ከግቢው የተሻለውን ቦታ መርጦ፣ ዱካ አውጥቶ፣ ዋንዛው ሥር አስቀመጣቸው። ጠላ ተቀዳ፣ ቆሎ ቀረበ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ተወራ። በመጨረሻ ጓድ ተፈራ ኮፍያውን አውልቆ፣ ግንዱን ተደግፎ፣ ቀና ብሎ አየና፦

«ጓድ ወልዴ፣ ይህን የመሰለ ጥላ ቆርጠህ የት ልትቀመጥ ነው?» አለ።

«ቆርቆሮዬን እየፋቀው እኮ ነው።»

«ይታያል። ሌላ ቀን መጥተን በደንብ እናየዋለን።»

በደንብ ለማየትም መጡ። ፀሐይ በበረታች ቁጥር የቀበሌው የሥራ ትጋት ይጨምር ነበር። ኦቦ ድሪባ አንድ ቀን ትራስ ይዘው እስከመምጣት ደረሱ። እኔ ከላይ ሆኜ የተረፈውን ቆሎ እየቆጠርኩ፣ ዛፉ እንደማይቆረጥ አውቄ ደረቴን እነፋ ነበር፤ ከዚያ ነፋስ ሲመጣና ከሥሬ አስቴር ስታለቅስ ስሰማ ደረቴ ይተነፍሳል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው እማዬ አንድ ማለዳ፣ «ዛፉን እንዲጠሉልህ ከፈለግህ ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸው።»

«እንግዳ ፀሐይ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ጥላውን እያስወደድካቸው ቁረጡልኝ ትላቸዋለህ።»

«ቢቀር ይቅር እንጂ እንግዳ አላቃጥልም» ብሎ ተኛ። አባዬ እንዲህ ነበር፤ መንግሥትን መቃወም ይችላል፣ ይሉኝታን ግን አይችልም።

በልጉ ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ አቧራ በሚያነሳበት አንድ ከሰዓት፣ ኮሚቴው ሲመጣ ከዛፉ ሥር አንድም ዱካ አልነበረም። እማዬ በራፉ ላይ ቆማ «እስከ መቼ ነው በደጅ የምትመለሱት? ዛሬስ ወደ ውስጥ ግቡልኝ» አለች። አባዬም መንገድ ለቀቀላቸው፤ እንግዳን ወደ ውስጥ ከማስገባት የበለጠ ክብር የለማ። ኦቦ ድሪባን ከበሩ አጠገብ፣ ጓድ ተፈራን ደግሞ ከሁሉ በላይ አክብራ ከአልጋው ጫፍ፣ አስቴር ከተኛችበት አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

ጠላው ገና እንደተቀዳ ነፋሱ መጣ። ቅርንጫፉ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ዳሰሰው፣ ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር ሲጎትተው ቤቱ በሙሉ አጓራ፤ ከጣሪያው የረገፈው ትቢያም ጓድ ተፈራ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ሰውየው ቀና አለ። ሁለተኛው ሲመጣ አንድ ምስማር ተነቅሎ አጠገቡ ወደቀ። ብድግ ሊል ሲል እማዬ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ይጠጡ እንጂ ጓድ፣ ይህ እኮ ገና ትንሹ ነው። ትልቁ ሐምሌ ላይ ነው የሚመጣው።»

«ሕፃኗ… እዚህ ነው የምትተኛው?»

«ታዲያ የት ትተኛ? ጥላው ሥር ናት። ጥሩ ጥላ ነው ብላችሁ የለ?»

ኦቦ ድሪባ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ጓድ ተፈራ አስቴርን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ኮፍያውን ደፋ፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ እንኳ ሰምቼው በማላውቀው ፍጥነት «ቅርንጫፉ ይውረድ፤ ፈቃዱ ነገ ይጻፋል። ግንዱ ግን አይነካም፤ በምትኩም ሁለት ችግኝ ትተክላላችሁ» አለ።

«እኔ ያመለከትኩት ሙሉውን…» ብሎ አባዬ ጀመረ።

«እሺ ብለናል ጓድ» አለች እማዬ።

ሰኔ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ ኦቦ ድሪባ መጋዛቸውን ስለው መጡ። ቅርንጫፉ እንዲሁ ቢቆረጥ ቤቱ ላይ ስለሚወድቅ፣ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ከላይ ባለው ባላ ዞሮ፣ ሰዎች ከታች ይዘውት ቀስ ብሎ መውረድ ነበረበት። ጫፉ ድረስ ሄዶ የሚያስር ቀላል ሰው ሲፈለግ እኔ ሳልጠራ ወጣሁ። እማዬ «ተው» ስትል አባዬ «ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀም» አላት። እኔም ሰፈሩ በሙሉ እያየኝ ስለነበር ቋጠሮውን በጥርሴ ሳይቀር አጠበቅሁት።

«ጠበቀ?» አሉ ኦቦ ድሪባ ከታች።

«ጠብቋል!»

«እንግዲያው ውረዳ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«እኔም አብሬ ታስሬያለሁ።»

የሸሚዜ ጫፍ ቋጠሮው ውስጥ ገብቶ ነበር። ላላቅቀው ብሞክር፣ ሸሚዙ ሊፈታ ቀርቶ ጣቴም ሊታሰር ሆነ፤ በመጨረሻ ሸሚዜን እዚያው ትቼ፣ በካፊያው እርቃነ ደረቴን፣ በሰፈሩ ሳቅ ታጅቤ ወረድኩ። «ቋጠሮ» የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ቀን ነው፤ ያኔ የሳቁት እኩዮቼ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ቢሆኑም እስከ ዛሬ የሚጠሩኝ በእሱ ነው። መጋዙ ሲጨርስ ግን ያ ሁሉ እንጨት ሸሚዜን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ወርዶ ሣሩ ላይ አረፈ። አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተጎዳም። እማዬ አስቴርን አዝላ ከአጥሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ወደ ቤት ገባች፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ጣሪያውን ረጅም ጊዜ አየችና «አሁን ክረምቱ ይግባ» አለች።

መስከረም ሲጠባ ዋንዛው በቀረው ጎኑ ነጭ ሆኖ አበበ፤ ቅርንጫፉ በነበረበት በኩል ፀሐይ ስለገባ እማዬ እዚያ በርበሬ ታሰጣ ጀመር። ከተከልናቸው ችግኞች አንዱን ፍየል በላው፣ አንዱ ጸደቀ። አባዬም እንግዳ በመጣ ቁጥር ግንዱን መታ መታ እያደረገ «ቀበሌው ቁረጥ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት» ይል ነበር። እማዬ አንድም ቀን አላረመችውም።

ዘንድሮ ሌላ ቅርንጫፍ ወደ ቤቱ አዘነበለና የእኔ ተራ ደረሰ። ወረዳ ሄጄ ተሰልፌ፣ የአባቴን «በገዛ ግቢዬ!» ከአፌ ሲወጣ ሰምቼ ራሴ ደነገጥኩ። የላኳት ባለሙያ ወጣት ልጅ ናት፤ «አባቴ፣ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ» ብላ ከዛፉ ጋር በስልኳ አነሳችኝ፣ ለካች፣ «ወደ ውስጥ ግቢ» ብላት «ሌላ ግቢ ይጠብቀኛል» ብላ ሄደች። ፈቃዱ በቀናት ውስጥ በሜሴጅ ገባ፤ መነጽሬን ስፈልግ የልጅ ልጄ አነበበልኝ። ያኔ ይሻል ነበር አልልም፤ ያኔ ጥላ የወደደ ኮሚቴ ጠላ ሲጠጣ አንዲት ሕፃን በልጉን በሙሉ ከቅርንጫፍ በታች ተኝታ ከርማለች። ግን ደግሞ በዚያ የጥር ረፋድ ፈቃድ የሚጠየቅ ባይኖር ኖሮ አባቴ ከምሳ በፊት ገንድሶት ነበር፤ እኔም ዛሬ የምሰለፍለት ዛፍ አይኖረኝም ነበር።

ቅርንጫፉ ሊቆረጥ በተቀጠረው ቀን አስቴር ከኮዬ ፈጬ መጣች። ዛሬ አያት ናት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ገመዱን ከእኔ በቀር በደንብ የሚያስር ሰው የለም ብዬ መሰላሉን ግንዱ ላይ አስደግፌ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘችና «ጋሼ፣ ሞክራትና እንተያያለን» አለችኝ። የወረዳውን ፈቃድ አሳየኋት። አላየችውም። ከእሷ ፈቃድ የሚያወጣልኝ ቢሮ ግን እስካሁን አላገኘሁም።