ከመጋዙ ፊት ያለው ወለል

ይህን የምጽፈው አባቴ ስለ ራሱ ሥራ ስለማይናገር ነው። ዛሬ ጡረታ በመውጣቱ፣ እዚህ ውጭ አገር፣ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈራችን ያለውን የእንጨት ሥራ ቤቱን ለማስረከብ መጥረግ ስጀምር የሰጋቱራው ሽታ ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

አባቴ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በፊት ወለሉን ይጠርግ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛው ጋሽ በቀለ በሩ ላይ ቆመው ሳቁበት።

«ሰሎሞን፣ ቸርች አደረግኸው እኮ! ጫማ እናውልቅ?»

«አራግፈህ ግባ፣ ይበቃል። እኔ የምጠርገው ለጣቶቼ ነው።»

በእግር የሚረገጥ ወለል ከጣት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ከኤሌክትሪክ መጋዙ ፊት የእንጨት ፍቅፋቂ አንሸራተተኝ፤ ለመደገፍ የዘረጋሁት እጄ የመጋዙ ጥርስ ላይ አረፈ። ደግነቱ መጋዙ አይሠራም ነበር።

አባቴ ቁልፉን ሲያስረክብ እጆቹን በኩራት አየኋቸው።

በሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ቤት የጠፋው፦ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ጓንት። ጣት፣ አንድም የለም።