ዓሣ የነካው የወተት ዕቃ

ባለፈው ዓርብ ሰመራ ቤቴ ውስጥ ልጄ ቆሮሶ ጠበሰች። ገና ሳህኑ ሳይቀርብ የዓሣው ሽታ ገዋኔ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ወሰደኝ።

ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቁ የከብትና የግመል ነበር። አፋሮቹ እንስሳቱን አጠጥተው ይመለሳሉ፤ ዓሣውን የሚነካ አልነበረም። ዛሬ ወጣቶቻቸው አጥምደው በበረዶ እስከ እኛ ድረስ ይልካሉ፤ በዳርቻው ደግሞ የሽንኩርት እርሻ የሚያጠጣ ሞተር ሲጮህ ይውላል።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ገዋኔ ሱቅ ከፍቶ ነበር። አንዲት ወተት ሻጭ አፋር እናት ጠዋት ሸጠው ሲጨርሱ፣ ራሳቸው ከዘንባባ ቅጠል የሰፉትን ባዶ ዕቃ እኛ ዘንድ አስቀምጠው ገበያ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ከዝዋይ አጥማጅ መጣ ሲባል ለማየት ጓጓሁና ያን ዕቃ ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። መረብ ስጎትትለት አራት ዓሣ ሰጠኝ። በዕቃው አመጣሁት፤ ጠብሼ ከበላሁ በኋላ ዕቃውን በአመድ አሽቼ አጥቤ ቦታው መለስኩ።

በማግስቱ ደንበኞቹ ወተቱን እየቀመሱ መለሱላቸው።

«እናቴ፣ ግመልዎ የምትታለበው ሐይቅ ውስጥ ነው እንዴ?» አለ አንድ ሹፌር።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጆቼ ሲዋሹ እቆጣለሁ፤ የዚያን ቀን ሳቄ ግን ከውሸት ይብሳል።

ለሦስት ቀን የገዛቸው የለም። በአራተኛው ቀን ዕቃውን ሊጥሉት ሲነሱ አላስቻለኝም፤ ዓሣ የያዝኩበት እኔ ነኝ አልኳቸው። አባቴ ከሚዛኑ ቀና ብሎ፣ «ወላሂ፣ አሁን ገና ተናገርክ» አለ። ለካ ያውቅ ነበር።

እሳቸው አልተቆጡም። ከዚያው ዕቃ አንድ ጣሳ ወተት ቀዱልኝ።

«ጠጣ።»

ጠጣሁ።

«ጨርስ።»

ጨረስኩ። አባቴ ለአዲስ ዕቃ ልክፈል ቢላቸው እምቢ አሉ፤ ይልቅ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐይቁ ዳር ተወልጄ አረጀሁ። የዓሣው ሥጋ ምን ምን ይላል?»

«አመጣልዎታለሁ» አልኩ።

ወደ ሐይቁ ስወርድ አጥማጁ ሄዷል። ዝናብ ጠፍቶ ስለነበር በዚያው ሳምንት እሳቸውም ከከብቶቻቸው ጋር ሣር ፍለጋ ወጡ። ሲመለሱ አቀምሳቸዋለሁ ብዬ ማጥመድ ተማርኩ። ክረምቱ ገብቶ ከብቶቹ ተመለሱ፤ የሚነዳቸው ልጃቸው ብቻ ነበር፤ እናቱን መንገድ ላይ ቀብሮ ነው የመጣው።