ልጄ አደራ ያለችኝ ጉርጥ

ጉርጥ እፈራለሁ። በልጅነቴ «ወተቱን ከተፋብሽ ዓይንሽ ይጠፋል፣ ከነካሽው እጅሽ ኪንታሮት ያወጣል» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት እስካቋርጥ ድረስ ይህን ከውስጤ ያወጣልኝ አስተማሪ አልገጠመኝም።

በኮሮና ጊዜ ልጄ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ጅጅጋ እቤታችን መጥታ ነበር። አንድ ዝናብ የጣለ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ሆና «እማ፣ ነይ እይው!» ብላ ጠራችኝ። መዳፏ ላይ የተቀመጠውን ሳይ ወደ ኋላዬ ሄጄ በሩን ዘጋሁባት።

«ክፈቺልኝ እንጂ! ምን ያደርግሻል?»

«መጀመሪያ ጣይው!»

«እሱ ነው አንቺን የፈራው። ሽንቱን ለቀቀብኝ እኮ።»

አልጣለችውም። ጭራሽ ቤት ልሥራለት አለች። ቢጫ የዘይት ጄሪካን በጎኑ አስተኝታ የላይኛውን ገጽ በጋለ ቢላ ቆርጣ አነሳችው። ውሃ እንዳያቁር ሥሩን በሚስማር በሳሳችው። አባቷ ሸደር ላለው የስደተኞች ካምፕ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ይነዳል፤ ሳምንቱን እዚያ ሰንብቶ አርብ ይመጣል። በስልክ አዝዛው ከወንዝ ዳር ልስልስ ያለ አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ይዞላት መጣ። አፈሩን ከአንድ ስንዝር በላይ አደረገችለት። የተሰበረ የሸክላ ድስት ግማሹን ደፍታ ጥላ ሠራችለት። የቆርቆሮ ክዳን አፈሩ ውስጥ ቀብራ ውሃ ሞላችበት፤ ይዘፈዘፍበታል አለች። እኔ ያዋጣሁት የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ነው። ዙሪያውን ላስቲክ አስገብቼ ሰፍቼ ክዳን አደረግኩት። ልጄ ድመት እንዳይበላው ያሰብኩ መስሏት ሳመችኝ። እኔ ግን ወጥቶ አልጋዬ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነበር።

ባሌ አርብ አርብ ሲመጣ ይስቅብኛል። «እንኳን ደስ አለሽ፣ የልጅ ልጅ አየሽ።»

ከወራት በኋላ ተመራቂዎች ይመለሱ ተባለና ተጠራች። ከመሄዷ በፊት ከደብተር ገጽ ገንጥላ፣ እኔ የማነበው ትልልቅ ፊደል ጽፋ፣ ከጄሪካኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችልኝ። «አፈሩ ይርጠብ፣ ጭቃ ግን አይሁን። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክፍት ይዋልና ይደር። የሚበላው በሕይወት ያለ ነገር ብቻ ነው፤ ፌንጣ፣ በረሮ፣ ምስጥ። አትፍሪው።» የመጨረሻውን ደጋግሜ አነበብኩት።

መናኸሪያ ላይ አቅፋኝ «እማ፣ አደራ። እስክመጣ» አለች። አደራ ያለችኝ ጉርጡን ነው።

ወር ሳይሞላት በሰሜን ጦርነት ተነሳ። እሷ የምትማርበት ከተማ እዚያው ሰሜን ነው፤ ስልኩ ተቋረጠ። በደወልኩ ቁጥር ያቺ የስልክ ሴትዮ ልታገኚያት አትችዪም ትለኛለች፤ በትሕትና ነው የምትለኝ፣ ትሕትናዋ ነው የሚያቃጥለኝ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ለጉርጡ ውሃ ልቀይር ጎንበስ ብዬ በዚያው ተንበረከክኩ። «እመብርሃን፣ ይህን ፍጥረት በሕይወት ካቆየሁላት፣ አንቺም እሷን በሕይወት አቆዪልኝ» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ስለት ጧፍ ነው፣ ዣንጥላ ነው፤ ጉርጥ ተስሎ የሚያውቅ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ለመናገር አፈርኩ፣ ለባሌም አልነገርኩትም። ግን አንዴ ብዬዋለሁ። ግልባጩም ወዲያው ታየኝ፤ እሱ ከሞተ እሷም መሞቷ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ፍርሃት ሆነብኝ። እሱንም እፈራለሁ፣ ለእሱም እፈራለሁ። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ጊቢው ውስጥ ያለውን ድንጋይ ሁሉ እየገለበጥኩ ፌንጣ አሳድዳለሁ። የበረሮ መድኃኒት ከቤት አውጥቼ ጣልኩ፣ የተመረዘ በልቶ እንዳይሞት። ወጥ ቤቱ በረሮ ብቻ ሆነ።

«ቤቱን አከራየሻቸው እንዴ?» አለ ባሌ።

«ዝም በል፣ የሚበላቸው አለ።»

ከዚያ ጅላል ገባ። እዚህ አገር ደረቁን ወቅት የሚሉት እንዲያ ነው፤ ንፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ አቧራው ሳጥን ውስጥ ይገባል። አንድ ጠዋት ሸክላውን ባነሳ ጉርጡ የለም። አጎበሩ እንደታሰረ ነው። አልጋውን ገለበጥኩ፣ ጫማዎቹን አራገፍኩ፣ የዱቄቱን ከረጢት ሳይቀር ፈተሽኩ። በመጨረሻ ማንኪያ ይዤ አፈሩን መቆፈር ጀመርኩ። ታች ላይ አገኘሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፣ እግሮቹን ሆዱ ሥር ሰብስቧል፣ ቆዳው ደርቆ እንደ ጓል ሆኗል። ማንኪያውን ጣልኩና «ሞተች» አልኩ። ሞተ አላልኩም።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በኋላ ጉሮሮው ሥር እንደ ክር የቀጠነች ነገር ስትንቀሳቀስ አየሁ። ውሃ አፈሰስኩበት፤ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አፈሩ ላይ አስቀመጥኩት። ቀትር ላይ ስመለስ በቂጡ እየቆፈረ ግማሹ ገብቷል።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሱ ብቻ ሆነ። ጠዋት አወጣዋለሁ፣ ቀትር አወጣዋለሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አወጣዋለሁ። ጉሮሮውን አያለሁ። ከተንቀሳቀሰ እስከሚቀጥለው ድረስ ልቤ ትንሽ ይመለሳል። ፌንጣ ባቀርብለት አያይም። እየከሳ ሄደ። ማንኪያው ጀርባውን ልጦት ቆሰለ።

«ተይው፣ ይረፍበት» አለኝ ባሌ።

«አንተ አታውቅም።»

«ምኑን?»

ማንኪያዬን አንስቼ ወደ ጄሪካኑ ተመለስኩ።

የቤቱ ባለቤት ኤዶ ናቸው። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ጊቢው ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ከተማው በተረበሸ ጊዜ በራቸውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ጉያቸው ከተው፣ እኔንና ልጄን ያተረፉን እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ስቆፍር ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው።

«አባዮ፣ ምን ትቀብሪያለሽ?» አባዮ እህቴ ማለታቸው ነው።

«እየቀበርኩ አይደለም ኤዶ፣ እያወጣሁ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ራህ!» አሉ፤ በሶማልኛ ጉርጥ ማለት ነው። «ይሄ ምን በደለሽ?»

«እንዳይሞት ነው። አየር እንዲያገኝ።»

«ዋላሂ የምትገድይው አንቺ ነሽ! ጅላል ነው እኮ። በጅላል ከመሬት በታች ይገባል፤ አይበላም፣ አይጠጣም። ጉ ሲገባ፣ ዝናቡ ሲመጣ ይወጣል። አባቴ አውበሬ ገጠር ጉድጓድ ሲቆፍር እንደ ድንጋይ እያነሳ መልሶ ያስቀምጠው ነበር። አንቺ ባወጣሽው ቁጥር ያቺን ያለችውን ጉልበት ትጨርሺበታለሽ።»

ማንኪያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። የተሳልኩትን ነገርኳቸው። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ኤዶ ተቆጡ።

«ልጅቷን የለመንሽው ፈጣሪን ነው ወይስ ራህን?»

«እመቤታችንን ነው።»

«ታዲያ እሷ ትጠብቃታ! ይሄ ምስኪን ምን አገባው?»

ጄሪካኑን አንዱን ጫፍ እኔን አስይዘው ወደ ዕቃ ቤታቸው ወሰድነው። ቀዝቀዝ ያለው ጥግ፣ የማሽላ ጆንያዎቹ ኋላ አስቀመጡት። ቆለፉና ቁልፉን ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። «ጉ እስኪገባ አልከፍትም። ብታለቅሺም።»

አለቀስኩ። በየቀኑ ለመንኳቸው። «ኤዶ፣ አንዴ ብቻ ልየው፣ አልነካውም።» «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።» ሲወጡ ጠብቄ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። የአይጥ ኮሽታ እንኳ አይሰማም። የልጄ ስልክም እንዲሁ ነው።

ልብስ እያጠብኩ ሳለ፣ እጄ እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«እማ?»

አረፋው በክርኔ እየወረደ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«እማ፣ ደህና ነኝ። ሁላችንንም በአውቶቡስ እያመጡን ነው፣ አፋር ገብተናል። ስልኩ የሰው ነው፣ ቶሎ በይ። አባዬ ደህና ነው? ጉርጤስ?»

ደህና ነው ልላት ነበር። «አላውቅም» አልኩ።

«እንዴት አታውቂም?»

ተቋረጠ። ሳሙናዬን እንደያዝኩ ሮጬ ለኤዶ ነገርኳቸው። እልል አሉ፤ ሻሻቸውን ፈትተው ቁልፉን ዘረጉልኝ። «እንኪ፣ አሁን ክፈቺ።»

እጄ አልሄደም። ልጄ ገና መንገድ ላይ ናት። ከፍቼ ሞቶ ባገኘውስ? አውቶቡሱ የት ላይ ይሆናል በዚያች ሰዓት? «አይክፈቱት ኤዶ» አልኩ።

መጣች። ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ ባጃጅ ድንገት ሲነሳ ትደነግጣለች። ጉርጡ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት መተኛቱን ስትሰማ እሷም «ይተኛ» አለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ኤዶ በሩን ከፈቱ፤ ጄሪካኑን አውጥተን ከጣሪያው ጠብታ ሥር አኖርነው። አንድ ቀን ጠበቅን። ሁለት፣ ሦስት። ከጊቢው ውጭ ያሉት ጉርጦች ሁሉ ወጥተው ይጮኻሉ። በአራተኛው ቀን ልጄ ተቀምጣ በጣቷ ቀስ እያለች ገለጠችው።

እንደ ደረቀ የሎሚ ልጣጭ ቀሎ ነበር፤ ጉሮሮው አልተንቀሳቀሰም። ጀርባው ላይ የማንኪያዬ ቁስል አልዳነም።

እሱን አይደለም ያየሁት። እጄን ዘርግቼ የልጄን ግንባር ዳበስኩ። ቀጥዬ አንገቷን። ይሞቃል።

«ምን ሆንሽ እማ?»

እንደገና ዳበስኳት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ጉርጡን መዳፏ ላይ እንደያዘች ሰማችኝ።

«በቀን ሦስቴ?»

«አንዳንድ ቀን አራቴ።»

«በምን?»

«በማንኪያ።»

«እኔን ለጉርጥ አስያዝሽኝ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ለእሱ ነው ያለቀሰችው። እስከ ማግሥቱ አላናገረችኝም፤ ልክ ነበረች። ስታናግረኝ ግን እጄን ይዛ ነው።

«ሁለተኛ በምንም እንዳታስይዢኝ። በድመትም ሆነ በሰው። እኔ እኔ ነኝ።»

ማልኩላት።

አሁን ተመርቃ ሌላ ከተማ ትሠራለች። ስልኳም ይሠራል። ሳታነሳ ስትቀር ግን ዓይኔ አንድ ነገር ፍለጋ ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ገበያ መሀል ሆኜ ደወልኩላት፤ ይጠራል፣ ይጠራል። አንዲት ጥቁር ፍየል አስፋልቱ መሀል ቆማለች። ይህች ፍየል ሳትሻገር ልጄ ካነሳች ደህና ናት፣ ልል ነበር። አፌ ላይ ሳይደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። የባጃጅ ጥሩምባ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«እናት! ምን ነካሽ? ከመንገድ ውጪ እንጂ!»

ፍየሏን እንዳላይ ዓይኔን አልገለጥኩም። ስልኩ ይጠራል።