ሟቹ ድስት ተሸክመው ሲገቡ

ስልኬ የጮኸው ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ ወጥተን አዳራሽ ውስጥ ለምሳ ልንቀርብ ስንል ነበር። ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጸሎት ላይ ሆኜም ሳቄ ያመልጠኛል።

የደወለችው፣ አክስቴ እትዬ የሺ የሚኖሩበት የአረጋውያን መኖሪያ ኃላፊ ሎሪ ናት። «ስለ አክስትሽ ነው። በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ዛሬ መምጣት ትችያለሽ?» አለችኝ።

እንዲህ ተብሎ ለሐበሻ ይደወላል? እኛ ዘንድ በስልክ የማይነገር ነገር አንድ ብቻ ነው።

እኔ ሳላጣራ የማላለቅስ ሰው ነኝ። አጠገቤ ለነበረችው ለአስካለ ግን የተባልኩትን ነገርኳት። አስካለ ወዲያው ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ድራይቭ አታደርጊም» አለችና ባሏን ጋሽ ግርማን መኪና እንዲያስነሱ ላከቻቸው። ለምሳ የተሠራው ምስር ወጥም ከነድስቱ ለለቅሶ ተጫነ። መኖሪያው ወዳለበት ከተማ፣ ወደ ኩን ራፒድስ፣ ስንቃረብ ዞር ብል ግማሹ ምእመን ተከትሎናል። ያን ጊዜ እኔም ማጣራቴን ትቼ አለቀስኩ።

እትዬ የሺ የመርሳት ሕመም አለባቸው። አገር ቤት የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ነበሩ፤ በሰፈሩ ያለ እሳቸው ለቅሶ አይቀመጥም ነበር። እዚህ ግን ከገና ወዲህ ከክፍላቸው አልወጣም፣ አልበላም ብለው ከስተዋል።

የመኖሪያው በር ሲከፈት አስካለ «ወይኔ እናቴን!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ተከተልናት።

የአክስቴ ክፍል በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። እትዬ የሺ ራሳቸው ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጮኸው? ማን ሞቶ ነው?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። «እርስዎ» አይባል ነገር፣ አስካለ አፏ ላይ የመጣላትን ስም ተናገረች።

«ግርማ!»

«የቱ ግርማ?»

«የእኔው… ባለቤቴ።»

«እኔን! ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ለቅሶ ቆመው አይደለም።»

ወዲያው ሳሎኑ ውስጥ ወንበር በረድፍ አስደረደሩን። ሎሪን «አንቺ ረጅሟ፣ ምን ይገትርሻል? ወንበር አቀብዪ እንጂ!» አሏት። አማርኛ አትሰማም፤ ግን አቀበለች።

በዚህ መሀል ጋሽ ግርማ መኪናቸውን አቁመው፣ ድስቱን ተሸክመው ገቡ።

«ጎሽ የኔ ልጅ፣ እዚህ አስቀምጠው» አሉ እትዬ የሺ። «ሟቹን ታውቀው ነበር?»

«ማንን?»

«ግርማን ነዋ! የእሷን ባል።»

ጋሽ ግርማ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው ጣሪያውን ታያለች።

«በደንብ አውቀዋለሁ፣ እማማ» አሉ ቀስ ብለው። «ደግ ሰው ነበር። አስቸጋሪዋ ሚስቱ ነበረች።»

አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እትዬ የሺ ጀርባዋን እያሻሹ «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል።

ምግብ ሲቀርብ አስካለ እንደ ወጉ አልበላም አለች። «የሞተ በጦም አይመለስም» አሏትና አጎረሷት። «ብቻዬን አልበላም ካልሽ ይኸው!» ብለው ራሳቸውም ጎረሱ። ደገሙ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አማተብኩ።

ሎሪ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። በስልክ ያልተነገረኝ ነገር ይህ ነበር፤ አክስቴ ምግብ ስለተዉ እዚያ ሊቆዩ አይችሉም፣ ሰው እንደልቡ ሊጠይቃቸው ወደማይችልበት ሩቅ የሕሙማን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም፣ ሊዛወሩ ነው። እየነገረችኝ ግን ዓይኗ ከእትዬ የሺ እጅ አልተነቀለም።

«ማዛወሩን ለጊዜው ላቆየው» አለች በመጨረሻ። «ለመሆኑ ይህን ነገር በየሳምንቱ ታደርጉታላችሁ?»

እትዬ የሺ ዛሬም እዚያው ክፍላቸው ናቸው። እሁድ እሁድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳሎን ቀድመው ይጠብቁናል፤ ይበላሉም። የእኔን ስም ይረሳሉ፤ የጋሽ ግርማን ሞት ግን አልረሱም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ እንጂ ቀኖና አልሰጡኝም።

ያን ቀን አብራችሁኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ የእሁድ ተራችሁን አትርሱ። ጋሽ ግርማ፣ እርስዎን ደግሞ አደራ፤ እትዬ የሺ ሙት ዓመትዎን ሊያወጡ ሽር ጉድ እያሉ ነውና እንዳይቀሩ። ድስቱን የሚሸከምልን ሌላ ሰው የለም።