የፊልሙ ዶክተርና ድሬሰሩ አባዬ

አባዬ አለፈ! ትናንት ከሰዓት ፖስተኛው ያመጣውን ፖስታ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እሱማ «አንቺ ክፈቺው» ብሎ ሰጠኝ። «ፓስ» የምትለዋን ቃል ሳነብ ጮኼ ስዘል የታች ጎረቤቶቻችን ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡት። ይደብድቡት! ሁለቴ ወድቆ በሦስተኛው አባዬ ላይሰንስ ያለው ነርስ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ነጩን ዩኒፎርሙን በበረኪና ሲዘፈዝፍ አገኘሁት። «አባዬ፣ አዲስ እኮ ነው፤ ምኑ ይታጠባል?» ስለው «የስንት ሰው እጅ የነካው ነው» አለኝ። ያ የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ደስታዬ መሃል ሌላ ነገር ገባ። ቆሜ የነበርኩት መታጠቢያ ቤታችን በር ላይ ነው፤ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር፣ ቅዳሜ ከሰዓት።

ያኔ ከሱዳን ከመጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳኒቬል ሄዳ ቢሮ ታጸዳ ስለነበር፣ እኔና አባዬ ከሰዓቱን የምናሳልፈው ከኛ በታች ከሚኖሩት ሽማግሌ ቤት ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርዱ የኖሩ፤ ቤታቸው የትምባሆና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ነበረው። አባዬ «ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ጋሼ በያቸው» ስላለኝ ጋሼ አልኳቸው። እሳቸው የቁልምጫ ስም ያወጣሁላቸው መስሏቸው ወደዱት። በኋላማ ለፖስተኛው ሳይቀር «ጋሼ ነኝ» ይሉት ጀመር።

ጋሼ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ነበራቸው። ከካውቦይ ፊልሞች ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ዶክተር ያለበትን ነበር፤ በመጣ ቁጥር ያዩታል። ዶክተሩ በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ ጥቁር ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ አቧራ የዋጣት ከተማ ይገባል። በዚያች ከተማ በጥይት የማይመታ የለም። ካርታ ሲጫወቱ ይመታሉ፣ ፈረስ ሲያጠጡ ይመታሉ፣ ቀብር ላይ ሳይቀር ይመታሉ። አንዱ በወደቀ ቁጥር «ዶክ! ዶክ!» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ሰዉ ሁሉ ገለል ይላል፤ ዶክተሩ ቁስለኛውን የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ አጋድሞ ውስኪ ያፈስበታል፤ በቢላዋው ጥይቱን ፈልፍሎ አውጥቶ ሳህን ላይ ይጥለዋል። ቃ! ያቺን «ቃ» ጋሼ ከፊልሙ ቀድመው በምላሳቸው ያሰሟት ነበር።

አባዬ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ መቀመጥ አይችልም። «ኧረ ተው! አንተ ሰውዬ፣ ጥይቱ ምን አደረገህ? ደሙን ያዝ! ደሙን!»

«ምን አለ?» ይሉኛል ጋሼ።

«ዶክተሩ ሥራውን አይችልም ይላል።»

«አይችልም? ይሄንን ሰውዬ እኮ ሃያ ጊዜ ሲያድነው አይቻለሁ! አባትሽ ማነው? እሱም ዶክተር ነው?»

ይቺን አባዬ ያለ አስተርጓሚ ገባችው። «ኖ ዶክተር» አለ ደረቱን በመዳፉ እየነካ። «ድሬሰር። አይ አም ድሬሰር።»

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔ ድሬሰር መኝታ ቤት ነው ያለው፤ ካልሲዎቼን ይዞ ቆሟል በይው!»

እኔም ሳቅሁ። አገር ቤት ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም የሚሆን ሰው እንደሆነ ማን ነግሮኝ? እኔ የማውቀው ድሬሰር እንግሊዝኛውን ነው፤ ባለ መሳቢያውን የልብስ ሳጥን። አባዬ ለምን እንደሳቅን ሳይገባው አብሮን ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

እና ያን ቅዳሜ ፊልሙ ሳያልቅ የጋሼ ትምባሆ አለቀ። «ወንበሩ ላይ ሳያጋድመው እመለሳለሁ» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ማዕዘኗ ላይ ወዳለችው ሱቅ ወጡ። ፀሐይዋ በመጋረጃው ስንጥቅ ገብታ ምንጣፉን ለሁለት ከፍላዋለች። ፊልሙ ውስጥ ተኩስ ነበር። ከዚያ ሌላ ተኩስ መጣ፤ ደረቅ ያለ፣ እንደ ሳንቃ መሰበር። እኔ አልለየሁትም። አባዬ ለየው።

«ይሄ የፊልም አይደለም» አለና በካልሲው ወጣ። «ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብሎኝ ነበር። ተከተልኩት።

ሁለት ጎረምሶች በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው ነው አሉ በኋላ። ጋሼ ምናቸውም አይደሉም፤ ትምባሆ ገዝተው መውጣታቸው ነበር። የሱቁ መስታወት መንገዱ ላይ እንደ በረዶ ተበትኗል። ጋሼ በጀርባቸው ወድቀዋል፤ ኮፍያቸው ከራሳቸው አልወለቀም። ከጭናቸው ደሙ ይፈስ ነበር አልልም፤ ይዘል ነበር። አባዬ ሸሚዙን ገፍፎ፣ ጠቅልሎ፣ ቁስሉ ውስጥ ወተፈው። በሁለት እጁ ተጫነው። አልበቃ ሲለው ጉልበቱን ብሽሽታቸው ላይ ተከለ። ጋሼ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ፊልም ውስጥ የለም።

ተኳሹ ለካ አልሄደም። ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ ብሎ ጠበኛውን እያሳደደ ሦስቴ ተኮሰ። አንዷ ጥይት ከአባዬ ራስ በላይ ግድግዳውን ቦጨቀችው፤ የጡብ አቧራ ፀጉሩ ላይ ወረደ። አባዬ ጎንበስ አለ እንጂ እጁን አላነሣም። ሌላኛው ጎረምሳ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ በግንባሩ ተደፋ፤ እግሩ ሁለቴ መሬቱን ደበደበ፤ ከዚያ ተወ። አባዬ አንድ ጊዜ ዞሮ አየው፤ መልሶ ወደ ጋሼ። ያ ዞሮ ማየት ምን እንደነበረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ያለው ሁለት እጅ ነው።

ፖሊሶቹ ሽጉጣቸውን ደግነው ደረሱ። እነሱስ ምን አዩ? ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ፣ እስከ ክርኑ ደም የነከረው ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ላይ ተንበርክኮ። «ተነሥ! እጅ ወደ ላይ!»

«ድሬሰር!» አለ አባዬ ሳይነሣ። «አይ አም ድሬሰር! ድሬሰር!»

ፖሊሶቹ ግራ ገባቸው። አንደኛው አባዬን ማጅራቱን ይዞ ወደ ኋላ ጣለው፤ ጭንቅላቱ ከመንገዱ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት። የጋሼ ደም ተነሥቶ ቀሚሴን፣ አንገቴን፣ አፌን ሳይቀር ረጨኝ። ሳንቲም ሳንቲም ይላል።

«ሂ ኢዝ ኤ ዶክተር!» ብዬ ጮኽኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ፤ ከፊልሙ ነው። «ዶክተር ነው! ልቀቁት፣ ዶክተር ነው!»

አባዬ ፊቱ አስፋልት ላይ ተደፍቶ፣ የፖሊስ ጉልበት ጀርባው ላይ ሆኖ፣ ሰማኝ። «አይደለሁም! አንቺ ልጅ፣ አትዋሺ! አይደለም በያቸው!»

«ምንድነው የሚለው?» አለኝ ፖሊሱ።

«ሰውየው እየሞተ ነው፣ ፍጠኑ ይላል» አልኩት።

ለቀቁት። ገለል አሉለት። አባዬ በእንብርክኩ ተመልሶ ጉልበቱን ቦታው ላይ ተከለ፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ካልሲው ውስጥ የገባውን መስታወት እንኳ አላወጣም።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጠን፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ወጥታ «ደም ሥሩን ይዞ ያቆየው ዶክተር የትኛው ነው?» ስትል አባዬ ብድግ አለ። «ዶክተር የለም በያት። ልጄ ዋሽታ ነው በያት።» እሱኑ አልኳት። ከዚያ ድሬሰር ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስተረጎመኝ። የገጠሩን ጤና ጣቢያ። ከዚያ አዲስ አበባን፤ ጠዋት ጠዋት ልጆች መንገድ ላይ ተገድለው የሚገኙበትን ዘመን። ነፍሳቸው ያልወጣውን ጓዳ ውስጥ ደብቆ ሲያክም ተጠቁሞበት እንደሸሸ። የአባቴን ታሪክ የሰማሁት እንግሊዝኛውን እየፈለግሁለት ነው። አንዳንዱን ቃል አጣሁት።

ሐኪሟ አጠገባችን ተቀመጠች። «እግሩን አላተረፍንለትም» አለች በመጨረሻ። «ሰውየውን ግን አባትሽ አትርፎታል።»

ቤት ገብተን አባዬ እጁን በበረኪና አሸው፤ ቀሚሴንም ዘፈዘፈው። ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን «ውሸትሽ ሰው አተረፈ፤ አልቆጣሽም። ግን ሁለተኛ ልጄ ስለኔ አትዋሽም» አለና ትምህርት ቤት ተመዘገበ። ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ሲመለስ እኔ ወፍራሙን የነርሲንግ መጽሐፍ አነብለታለሁ፤ እሱ ደግሞ በኖቱ ጀርባ ፊደል ያስቆጥረኛል። ሰው ሀሁ በመጽሐፈ ፊደል ይጀምራል፤ እኔ በኩላሊት ሥዕል ጀርባ ጀመርኩ። ይኸው ዛሬ ያለ ማንም እርዳታ እጽፋለሁ!

ጋሼ ሳን ሆዜ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። አንድ ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ሄደን ያ ፊልም መጣ። ዶክተሩ ቢላዋውን ሲያነሣ አባዬ ዝም አለ። ጋሼ ግን ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ወደ ፊት ተስፈንጥረው «ተው! ደሙን ያዝ! ደሙን!» ብለው ጮኹ። በአማርኛ! ልጃቸው ከኩሽና ብቅ አለች። «ዳዲ፣ ያ ደግሞ ምን ቋንቋ ነው?»

«የዶክ ቋንቋ ነው» አሏት፣ ወደ አባዬ በአገጫቸው እያሳዩ። አባዬ ያን ቀን አላረማቸውም።

ጋሼ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ትናንት ዘልዬ ዘልዬ ሲበቃኝ መጀመሪያ ያነሣሁት ስልኩን ነበር። ቁጥራቸውን ግማሽ ድረስ ከደወልኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

አባዬ ድግስ አልፈልግም ብሏል። የሚፈልገው ሌላ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሳን ሆዜ፣ ለቤተ ክርስቲያን በምንከራየው አዳራሽ፣ የሚደማ ሰው እንዴት እንደሚያዝ በአማርኛ ያሳያል። ታክሲ የምትነዱ፣ ሱቅ የምትሠሩ፣ ሁላችሁም ኑ። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመልሱ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ለነሱ እኔ አለሁ። አሮጌ ፎጣ አምጡ። ወለሉ ስሚንቶ ነውና ከጉልበታችሁ ሥር የምታነጥፉት ነገርም አትርሱ።